ዕድሜ ልክ የሚደገም ዳዊት፦ የኅትመቱ፣ የብራናው እና የስልኩ

በደብረ ብርሃን የንዋያተ ቅድሳት ሱቆች፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ነሐሴ 24 እና ግንቦት 12 ደግሞ በደብረ ሊባኖስ በሚዘረጉት ድንኳኖች መዝሙረ ዳዊት ሞልቷል። መዳፍ የምታክለው የኪስ አለች፣ መካከለኛው አለ፣ ግዕዝና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዘው ትልቁ አለ፤ ፈልጎ ላገኘው የብራናም አለ። ገዢው ቀድሞ የሚያየው ልባዱን ነው፤ ወርቅማ መስቀሉን፣ ዚፑን፣ ቀለሙን። ዳዊት ግን ለአንድ ሱባኤ የሚገዛ መጽሐፍ አይደለም። በ20 ዓመቱ የገዛ ሰው በ70 ዓመቱም ሊደግምበት ይገባል። ስለዚህ እዚህ ሦስቱም ዓይነት የሚመዘኑት በየቀኑ እየተከፈቱ ስንት ዓመት እንደሚዘልቁና ደጋሚውን ሳያሰለቹ ይዘውት እንደሚዘልቁ ነው።

ዕቃውን ለመመዘን አገልግሎቱን ማወቅ ይቀድማል። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ 151ኛው ከቁጥር ውጭ ይታከላል። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ሁሉ በሁሉ 15 ንጉሥ። በሳምንት አንዴ የሚዘልቅ ሰው ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደግማል። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ነው። ለለመደ አንባቢ አንድ ንጉሥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ዓርብ ሁለት ንጉሥ ብቻ ስለሆነ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል፤ 176 ቁጥር ያለው 118ኛው መዝሙር የሚውለው በዚያ ቀን ነው። ረቡዕም ከባድ ነው፤ 77ኛው ብቻውን 72 ቁጥር አለው።

ከኅትመቱ እንጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛው እሱን ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ጥራዙ ነው። መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍታችሁ ወደ ጀርባው እጥፋት ተመልከቱ። ክር ከታየ የተሰፋ ነው። ክር የሌለው፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተቆርጦ በኮላ ብቻ የተያያዘ ከሆነ፣ በየቀኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚላቀቀው ዘወትር የሚገለጠው ቦታ ነው፤ 50ኛው፣ 90ኛው፣ ከኋላ ደግሞ ውዳሴ ማርያሙ። ኮላ ብርድ ሲመታው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ያደረ መጽሐፍ፣ በማግስቱ በጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያያል። የተሰፋው ግን ልባዱ ቢገነጠል እንኳ ገጹ አይበተንም፤ ልባድ ደግሞ ይቀየራል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ሁለተኛ መጽሐፍ ከመግዛት ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ፊደሉ። ይህን ወጣት ገዢ ፈጽሞ አያስበውም። የኪሷ ዳዊት ፊደል በ25 ዓመት ዕድሜ በጧፍ ብርሃን ይነበባል፤ ከ40ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን የቅርብ እይታ እየደከመ ይሄዳል፣ የግዕዝ ፊደላት ደግሞ ልዩነታቸው በትንሽ ቅጥል ነው። ረ ከሪ፣ ቀ ከቁ የማይለይበት ኅትመት ቀስ በቀስ ሰውን ከጸሎት ያርቃል። ሰነፍኩ እያለ ራሱን የሚወቅስ ስንቱ ነው፣ የደከመው ዓይኑ ሆኖ ሳለ! ከ14 ነጥብ ያላነሰ ፊደል ፈልጉ። በሱቁ መብራት ስር ከማየት ወደ በሩ ጥላ ወጣ ብላችሁ፣ መጽሐፉን ከዓይናችሁ አንድ ክንድ አርቃችሁ ሞክሩት። ሳትጨናነቁ ካነበባችሁ ይሆናል። የኪሷን ለመንገድ ያዟት፤ የቤቱ ዳዊት ግን ትልቁ ይሁን።

የወረቀቱን ውፍረት ለማወቅ አንዱን ቅጠል ብቻውን አንስታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። የጀርባው ጽሑፍ ከፊተኛው ጋር ተደራርቦ ከተነበበ ስስ ነው፤ በጧፍ ብርሃን ደግሞ ይብሳል። በጣም ነጭና አንጸባራቂ ወረቀትም አይመረጥም፣ ዓይን ያደክማል። ቀይ ኅትመት ያለበትን ርዕስ እርጥብ ጣት ነካ አድርጉበት፤ ከለቀቀ ተዉት።

ሙሉነቱን ቁጠሩ። ዳዊት ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ሙሉ አይደለም። 150ው መዝሙር፣ ጸሎተ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩ፣ የሰባቱ ቀን ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን የተባለው የእመቤታችን ምስጋና ሊኖሩት ይገባል። አንዳንዱ ኅትመት እሑድ የሚደገመውን ቆርጦ ያወጣል፣ ሳስቶ እንዲቀልና ዋጋው እንዲረክስ። የተገዛው ለዕድሜ ልክ ከሆነ እሑድ የሌለበት ሳምንት አያስፈልግም። በኅትመት ስህተት ተደግሞ የገባ ወይም የተዘለለ ጥራዝም ይኖራል፤ የገጹን ቁጥር ሳይሆን የመዝሙሩን ቁጥር ከ፩ እስከ ፻፶ በፍጥነት ገልጣችሁ አረጋግጡ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሻጩም አይቆጣም።

የግዕዝ ኅትመት ከሆነ ፊደል አጣጣሉን እዩ። በግዕዝ ሰአለ ማለት ለመነ ነው፣ ሠዐለ ግን ሥዕል ሣለ፤ አራሚ ያላየው ኅትመት እነዚህን ያምታታል። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ማየት ብዙ ይናገራል፦ «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን»። ፀውም፣ ሖውም፣ ሁለቱ የዐ ፊደላትም (ዕ እና ዓ) በቦታቸው ከሌሉ ውስጡን አትመኑት።

ግዕዝና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዘው ትልቁ መጽሐፍ ብዙ ይወደሳል። ለመማር እጅግ ጥሩ ነው፤ ምሥጢሩን ያልተረዳውን ቁጥር ወዲያው ወደ ጎን ማየት ይቻላል። ለየዕለቱ ድግምት ግን አንደኛ ምርጫ አይሆንም። ገጹ ለሁለት ስለተከፈለ ፊደሉ ያንሳል፣ መስመሩ ይሰባበራል፣ ክብደቱ እጅ ያዝላል። ለዘወትር አንዱን ቋንቋ ብቻ የያዘ፣ ለጥናት ደግሞ ጥንዱ ቢኖር ይሻላል። አቅሙ ለአንድ ብቻ ከሆነ የሚገባችሁን ቋንቋ ውሰዱ። የማይገባ ግዕዝ እየቆጠሩ ከመጨረስ በአማርኛ እያስተዋሉ መድገም ያጸናል። ግዕዙን የሚሹ የኔታ ይፈልጉ፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባለው የግዕዝ ቃላት አነባበብ ስልት ከመጽሐፉ ላይ ምልክት ስለሌለው በዓይን አይለመድም።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለውን መዝሙር ለዚህ መጠቀምም ይቻላል፤ አንድ ነገር ካልታወቀ ግን የዕለቱ ክፍል ይዛባል። ዳዊታችን የሚቆጥረው ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ በተተረጎመው በሰብዓ ሊቃናት ቁጥር ነው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በዳዊቱ 22ኛ፣ በዕብራይስጡ ቁጥር በሚሄዱት ኅትመቶች ግን 23ኛ ነው። ልዩነቱ 9ኛው ላይ ይጀምርና 147ኛው ላይ ያበቃል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እኩል ናቸው። ስለዚህ በዚያኛው ቁጥር ሰኞ ከ1 እስከ 31፣ ማክሰኞ ከ32 እስከ 61፣ ረቡዕ ከ62 እስከ 81፣ ሐሙስ ከ82 እስከ 111፣ ዓርብ ከ112 እስከ 131፣ ቅዳሜ ከ132 እስከ 150 ይሆናል። ይህን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ልባዱ ውስጥ ማስቀመጥ ብዙ መደናገር ያስቀራል።

ልባዱን በተመለከተ ዚፕ ያለው የላስቲክ ልባድ አይመከርም። ዚፑ በመጀመሪያው ዓመት ጥርሱን ይለቃል፣ ላስቲኩ በብርድ ይሰነጠቃል። ጠንካራ ካርቶን በጨርቅ ወይም በቆዳ የተለበደ፣ ለብቻው ማኅደር የተሰፋለት ይሻላል። ማኅደሩ መጽሐፉን ሊያንቅ አይገባም፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፣ አለዚያ በየቀኑ ሲወጣና ሲገባ የልባዱ ጠርዝ ይበላል። ምልክት ማድረጊያ ክሩ ሁለት ቢሆን መልካም ነው፤ አንዱ ለመዝሙሩ፣ ሌላው ለውዳሴ ማርያሙ።

አንድ ተጨማሪ ዕቃ ከመጽሐፉ ጋር መገዛት አለበት፦ አትሮንስ፣ የመጽሐፍ ማስቀመጫው። በደጋው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የሚደግም ሰው እጁን ከጋቢው ማውጣት ይከብደዋል። አትሮንስ ላይ ተኝቶ የሚከፈት መጽሐፍ ለመግለጥ ብቻ ነው እጅ የሚፈልገው፤ ጀርባውም አይታጠፍም። ጧፉን ከመጽሐፉ በላይ አትያዙ። ሰም የተንጠባጠበበት ገጽ ቢፋቅ ቀለሙ አብሮ ይነሳል፤ ሰሙ እንዲጠነክር ትቶ በጥፍር ሳይሆን በእንጨት ፍቅፋቂ ማንሳት ነው። ብርዱን በከሰል ማባረር ደግሞ አደገኛ ነው። በርና መስኮት ተዘግቶ የነደደ ከሰል፣ እጣን ተጨሰበትም አልተጨሰበት፣ ይገድላል። መስኮት ይከፈት ወይም ከሰሉ ውጭ ይቅር።

የብራናው ዳዊት ሌላ ዓለም ነው። በደንብ የተሠራ እንደሆነ የሚወዳደረው የለም። የፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ፣ ለስልሶ ይዘጋጃል፤ ከጥላሸት በተሠራ ጥቁር ቀለምና በቀይ ቀለም በመቃ ብዕር ይጻፋል፣ በእንጨት ገበታ ይደጎሳል፣ ቆዳ ይለበሳል። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም እንዲሁ ነው። የብራና ዳዊት ትልቁ ጸጋ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አጻጻፉ ነው፦ መዝሙሩ በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱ ሐረግ በአንድ መስመር ይጻፋል፣ ውዳሴ ማርያሙ ሲደርስ ብቻ ገጹ ለሁለት ዓምድ ይከፈላል። መስመሩ ሲያልቅ ትንፋሽ ያልቃል። ከደጋሚ ጉሮሮ ጋር የሚሄድ መጽሐፍ ማለት ይህ ነው። ወረቀት ለመቆጠብ ሐረጉን ሁሉ ደርድሮ የሚያትም ኅትመት ይህን ስለሚያጠፋ ደጋሚው የት እንደሚተነፍስ አያውቅም፤ ሃያኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ ይዝላል። ኅትመት ሲመረጥም በየሐረጉ መስመር የሚቆርጠውን ማስቀደም ከዚህ የተማረ ምክር ነው።

የብራና ጠላቱ እርጥበት ነው። በአንኮበርና በጣርማ በር ጭጋግ ቆዳው ውሃ ይስባል፣ ይጨማደዳል፣ ገበታው ከልባዱ ይነሳል። ሲደርቅ ደግሞ ተጣሞ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ተዘግቶ፣ በማኅደሩ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ መሰቀል አለበት። መሬት ላይ ወይም ሣጥን ሥር ከተቀመጠ አይጥ ይደርስበታል፤ አይጥ ከወረቀት ይልቅ ብራና ይወዳል። ቅቤ የነካ እጅም ጠላቱ ነው፤ በገጹ የታችኛው ጥግ የሚታየው ጥቁረት ከዚህ የመጣ ነው፣ ቀለሙንም ያስለቅቃል። እጅ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው የሚገለጠው።

በጎዳና የሚቀርብ «ጥንታዊ» ብራና ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ትናንት ተጽፎ በጭስ የጠቆረ ነው፤ ጥቁረቱ እጅ በሚነካው ጥግ ሳይሆን ገጹን ሁሉ እኩል ከሸፈነው ጭስ ነው። የባሰው ግን እውነተኛው ነው። የባለቤቱ ወይም የደብሩ ስም ተፍቆ የሚታይበት፣ የመጀመሪያው ቅጠል የተቀደደ ዳዊት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ቅርስ ይጠብቃል፤ ከሕጉም በላይ በተሰረቀ መጽሐፍ ጸሎት የሚፈልግ ክርስቲያን የለም። ብራና የሚሻ ሰው ጸሐፊውን አግኝቶ ያጽፍ።

የስልኩን ዳዊት ንቆ ማለፍ አይገባም። ፊደሉ እንደ ዓይን ይሰፋል፤ ለደከመ ዓይን ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ራሱ ያበራል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ በሚኒባስ ውስጥ አንድ ሁለት ንጉሥ ይደገምበታል። የሚነበብ ድምፅ ያለው ደግሞ ግዕዝ ለሚለምድ ሰው አጋዥ ነው፣ የኔታን ባይተካም። ችግሩ ሁለት ነው። ብዙዎቹ ከመጽሐፍ በጥድፊያ የተገለበጡ ናቸው፤ የተዘለለ ቁጥር፣ የተምታታ ፊደል፣ በአሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ኈ፣ ቍ እና ጐ ባዶ ሣጥን ሆነው ይወጣሉ። ከኅትመት ጋር 118ኛውን ብቻ አስተያዩ፤ ከአሌፍ ጀምሮ 22ቱ የፊደል ክፍሎች ከሌሉ ሌላውም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ስልኩ ራሱ ነው። በ6ኛው መዝሙር መሐል መልእክት ይመጣል፣ ጣት ይሄዳል፣ ጸሎቱ እዚያው ይቀራል። የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ሳይደረግ በስልክ ዳዊት መጀመር አይጠቅምም። ስልክ ለመንገድና ለሕመም ጊዜ ሁለተኛ መጽሐፍ ይሁን።

እንግዲህ መጽሐፉ ተገዛ እንበል። አብዛኛው ዳዊት የሚተወው ተቀዶ አይደለም፤ ከአቅም በላይ ስለተጀመረበት ነው። በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ቅበላው ገና ሳይረሳ፣ ሰኞ 30 መዝሙር ይጀመራል። 55ቱ ቀን ስምንት ሳምንት ገደማ ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሰኞ ያመልጣል፣ ማክሰኞ 60 ለመድገም ይሞከራል፣ አይቻልም፣ ረቡዕ መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ይቀራል። ያመለጠ ቀን አይደረብም። የዕለቱን የዕለቱ ማድረግ ነው፤ ሰኞ ያመለጠው በሚቀጥለው ሰኞ ይመጣል።

ሥራና ልጆች ላሉት ሰው በቀን አንድ ንጉሥ ይበቃል፤ በ15 ቀን ዳዊቱ ያልቃል፣ በወር ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በቀን አምስት መዝሙር ከሆነ በ30 ቀን። በቀን አንድ ብቻ እንኳ ቢሆን በአምስት ወር ይዘለቃል፤ 118ኛውን ግን በፊደሎቹ ከፋፍሎ ማስኬድ ይሻላል። ልኩን የሚወስነው የንስሐ አባት ነው። እርሳቸው የሚያውቁት የሰውየውን አቅም ነው፣ ትንሽ ልክ ሲሰጡም ንቀት አይደለም። በ30 ዓመት ውስጥ በቀን አንድ ንጉሥ ያላቋረጠ ሰው በየዓመቱ ለአንድ ጾም ብቻ ከሚቃጠለው ይልቅ ዳዊቱን ያውቀዋል። ሰዓቱም ቋሚ ይሁን። ማለዳ ነግህ ወይም ከመኝታ በፊት ንዋም የቀለሉ ናቸው፤ «ሲመቸኝ» የሚባል ሰዓት በሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

ዓይን ገና ጤነኛ ሳለ በቃል የሚያዙ መዝሙሮችም አሉ። 50ኛው «ተሣሀለኒ»፣ 90ኛው «ዘየኀድር»፣ 22ኛው «እግዚአብሔር ይሬእየኒ»፣ 150ኛው «ሰብሕዎ»። በየቀኑ ሁለት ቁጥር ብቻ እየታከለ 90ኛው በአንድ ሱባኤ ገደማ ይያዛል፣ 16 ቁጥር ነውና። ዓይን ሲፈዝ፣ ሰው አልጋ ላይ ሲውል፣ መጽሐፍ ማንም ባያነብለት እነዚህ ይቀራሉ። ረቡዕ የሚደገመው 70ኛው መዝሙር የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፤ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ»።

ጥራዙ መላላት ሲጀምር ሳይዘገይ መጠገን ነው። ስኮች አይለጠፍበትም፤ ማጣበቂያው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይቢጫል፣ ገጹን ከገጽ ያጣብቃል። የላላውን ጥራዝ በመሐል እጥፋቱ አስተካክሎ፣ በቀድሞው ቀዳዳ በሰም በተሸ የጥጥ ክር መልሶ መስፋት ይቻላል፤ መርፌው ቀጭን ይሁን፣ አዲስ ቀዳዳ ወረቀቱን ይቀደዋል። ልባዱ ብቻ ከተገነጠለ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ቢወሰድ ያስተካክለዋል። ከጥገና ያለፈ ዳዊት በቆሻሻ አይጣልም፣ ለሱቅ መጠቅለያም አይሆንም፤ ለደብሩ ካህናት ይሰጣል። ደህና ሆኖ ሳለ ፊደሉ ያነሰባችሁን ግን ዓይኑ ገና ለሚያይ ልጅ ስጡት፣ ሰኞ ከየት እስከ የት እንደሆነ የጻፋችሁበትን ወረቀት ከልባዱ ሳታወጡ።